ሴንጢ ወይስ ቢላዋ? ሳትሰብሯቸው ጥንካሬያቸውን የምታወዳድሩበት መንገድ

ጎንደር ውስጥ ቢላዋ የሚፈለግበት ጊዜ ይታወቃል። ፋሲካ ሲቃረብ፣ ገና ሲደርስ፣ ወይም ሰው ወደ ስሜን ተራሮች ለመውጣት ጓዙን ሲሸክፍ ነው። ያን ጊዜ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ካራ ማማረጥ፣ ሱቅ ገብቶ ከውጭ የመጣ ሴንጢ መክፈት መዝጋት ይጀመራል። ጥያቄውም ያው ነው፤ «የቱ ይጠነክራል?»

በደፈናው ከሆነ የማይታጠፈው ቢላዋ ይጠነክራል። ደህና ሆኖ ከተሠራ ከጫፉ እስከ እጀታው መጨረሻ አንድ ብረት ነው። ሴንጢ ግን መሃሉ ላይ መታጠፊያ አለው። ጭነቱን ሁሉ የሚሸከሙት አንድ ቀጭን ፒንና አንድ ትንሽ መቆለፊያ ናቸው። ይህ እውነት ነው፤ ገበያ ላይ ግን ብዙም አይረዳችሁም። እጀታው ውስጥ የገባው ብረት ሁለት ጣት የማይሞላ ቢላዋ ከደህና ሴንጢ ቀድሞ ይሰበራል። ስለዚህ በስም ሳይሆን እጃችሁ ላይ ያሉትን ሁለት ዕቃዎች ነው ማወዳደር ያለባችሁ።

እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ሲሸነፉ ምን እንደሚሆኑ ነው። ቢላዋ ከአቅሙ በላይ ሲጫኑት ይጣመማል ወይም ይሰበራል። ሴንጢ ከአቅሙ በላይ ሲጫኑት ጣት ላይ ይዘጋል። አንዱ ዕቃ ያሳጣል፤ ሌላው ጅማት ይበጥሳል። ከታች ያሉትን ሙከራዎች ሁሉ ይህን ይዛችሁ ሥሩ።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር ጥቂት ነው። ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ካሊፐር የሚባለው የውፍረት መለኪያ (ከሌለ ጥሩ ማስመሪያ)፣ የእጅ ባትሪ፣ አዲስ ሞረድ፣ የሳጥን ጣውላ፣ ጉጥ የሌለው ደረቅ የባሕር ዛፍ እንጨት። የስፌት መኪና ዘይትም አጠገባችሁ ይኑር። ልጆች ከአካባቢው ይራቁ።

1. መጀመሪያ ሥራውን ለዩት

ቢላዋ ላይ የሚያርፍ ጭነት አራት ዓይነት ነው። ስለቱን ወደ ታች መጫን አለ። በጫፉ መውጋት አለ። ወደ ጎን መፈልቀቅ አለ። ጀርባውን መምታት አለ። አንድ ዕቃ በአንዱ በርትቶ በሌላው ሊወድቅ ይችላል።

ሽንኩርት መክተፍ፣ ገመድ መቁረጥ፣ ብርቱካን መላጥ፣ ቆዳ መግፈፍ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። እዚህ ላይ ሴንጢና ቢላዋ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ስትቆርጡ ግፊቱ የሴንጢውን ብረት ወደ መከፈቻው አቅጣጫ ነው የሚገፋው። ብረቱ ማቆሚያው ላይ ተደግፎ ይቆማል፤ መቆለፊያው ምንም አይሸከምም። የስዊዘርላንድ ወታደሮች እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ የያዙት ሴንጢ መቆለፊያ ሳይኖረው ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለገለው ለዚህ ነው። ዛሬም የቪክቶሪኖክስ 91 ሚሊ ሜትሩ ሴንጢ በሞላ (በስፕሪንግ) ግፊት ብቻ ነው ተከፍቶ የሚቆመው።

መቆለፊያው የሚፈተነው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ጫፉ እንጨት ውስጥ ተቀርቅሮ ስትወዘውዙት፣ ወይም ጀርባው ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጭ። እስቲ እናስላው። ከመታጠፊያው ፒን 8 ሳንቲ ሜትር ርቆ ጫፉ አካባቢ ጀርባው ላይ 10 ኪሎ አረፈ እንበል። መቆለፊያው ብረቱን የሚይዘው ከፒኑ መሃል 5 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። 8 ሳንቲ ሜትር 80 ሚሊ ሜትር ነው፤ 80 ለ5 ሲካፈል 16 ነው። ስለዚህ መቆለፊያው 160 ኪሎ ሊሸከም ነው። ያም ውፍረቷ ከሁለት ሚሊ ሜትር ባልበለጠ፣ መቆለፊያ በሆነች የብረት ሳህን ላይ። ሰው በክንዱ 10 ኪሎ መጫን አይከብደውም፤ ለዚህ ነው ርካሽ ሴንጢ ድንገት የሚከዳው።

ወደ ጎን መፈልቀቅን በተመለከተ ምክሬ ግልጽ ነው። የቆርቆሮ ክዳን መክፈቻ፣ የሚስማር መንቀያ፣ የጣውላ መገንጠያ አድርጋችሁ የምትጠቀሙበት ከሆነ ሁለቱንም አትግዙ። ካቻቪቴ ግዙ።

በግ ሲታረድም ያው ነው። ሥጋ የሚያውቅ ሰው በቢላዋ አጥንት አይፈልጥም። መገጣጠሚያውን በጣቱ ይፈልጋል፣ ጅማቱን ይቆርጣል፣ ብልቱ ራሱ ይለያል። አጥንት የሚፈልጠው ምሳር ነው። በየበዓሉ ጫፋቸው የሚሰበረው ቢላዎች አብዛኞቹ የሚሰበሩት መገጣጠሚያ ውስጥ ገብተው ወደ ጎን ሲጠመዘዙ ነው።

2. ውፍረቱን ለኩ

ካሊፐሩን ጀርባው ላይ፣ እጀታው አጠገብ አድርጉ። ከዚያ መሃሉን፣ ከዚያ ከጫፉ አንድ ሳንቲ ሜትር መለስ ብላችሁ ለኩ። ሦስቱንም ጻፉ።

ውፍረት ከምትገምቱት በላይ ይወስናል። ብረቱና ስፋቱ አንድ ከሆነ፣ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ላለመጣመም ያለው አቅም አራት እጥፍ ያድጋል፤ ድርቅናው ደግሞ ስምንት እጥፍ። የ2 ሚሊ ሜትርና የ3 ሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይን ትንሽ ነው። በአቅም ግን ሁለተኛው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

ሁለት ነገር ግን አስተውሉ። ወፍራም ቢላዋ ጥሩ አይቆርጥም። ሽንኩርትን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይከትፈውም። ለኩሽና ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙ አትራቁ። ሁለተኛ፣ የሴንጢው ብረት 4 ሚሊ ሜትር ወፍሮ ብታገኙት አትታለሉ። ጭነቱ መጨረሻ የሚያርፈው ፒኑ ላይ ነው። የፒኑ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ የብረቱ ውፍረት ለዓይን ነው።

3. የቢላዋውን ጅራት ፈልጉ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ቢላዋ ከተሰበረ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ብረቱ እጀታው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው። ያንን እጀታ ውስጥ የሚገባውን ክፍል ጅራት ልበለው።

ጅራት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የእጀታውን ያህል ሰፍቶ እስከ መጨረሻው የሚሄድ ነው። እጀታው ሁለት ቁራጭ ሆኖ ግራና ቀኝ በሪቬት ይመታበታል። ከጀርባ በኩል ስታዩት ብረቱ በሁለቱ እንጨቶች መካከል እንደ መስመር ይታያል። ይህ ከሁሉም ይጠነክራል።

ሁለተኛው ቀጭን ሆኖ እጀታውን አልፎ ጫፉ ላይ የሚቀጠቀጥ ነው። አገር ቤት በቀንድ ወይም በወይራ እጀታ የሚሠሩት ካራዎች ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው። የእጀታውን ቂጥ ገልብጣችሁ እዩ። የተደፈጠጠ የብረት ራስ ካያችሁ ጅራቱ ዘልቋል ማለት ነው። ደህና ከተሠራ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ሦስተኛው አጭሩ ነው። እጀታው ውስጥ ትንሽ ገብቶ በሙጫ ወይም በፕላስቲክ የተያዘ። አጭር ጅራት ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ከስዊድኑ ሞራ ቢላዎች የብዙዎቹ ጅራት እስከ እጀታው መጨረሻ አይደርስም፤ ሆኖም ለአናጺና ለእረኛ ሥራ የተመሰገኑ ናቸው። ችግሩ ጅራቱ ምን ያህል እንደገባ ከውጭ አለመታወቁ ነው።

ታዲያ በምን ታውቃላችሁ? በመጀመሪያ ሻጩን ጠይቁት። «ጋሼ፣ ጅራቱ እስከ የት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ራሱ የቀጠቀጠው ሰው ጣቱን እጀታው ላይ አድርጎ ያሳያችኋል። ቀጥሎ ቢላዋውን ብረቱና እጀታው የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ አንድ ጣት ላይ አስቀምጡት። ወደ ብረቱ በኩል በኃይል ከወደቀ እጀታው ውስጥ ብረት ጥቂት ነው። ሚዛኑን ከጠበቀ ወይም ወደ እጀታው ካዘነበለ ጅራቱ ረጅም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከዚያ የእጅ ባትሪውን ብረቱ ወደ እጀታው የሚገባበት ቦታ ላይ አብሩ። ክፍተት አለ? ጥፍር የሚያስገባ ከሆነ ነገ ደምና ውሃ ይገባበታል፤ ጅራቱ ውስጥ ውስጡን ይዝጋል። ውጩ እያበራ ውስጡ ያለቀ ቢላዋ በእጅ ሲሰበር ማየት ያሳዝናል።

አንድ ሌላ ነገርም እዩ። ብረቱ ጠቦ ጅራት የሚሆንበት ጥግ እንደ ማዕዘን ስል ሆኖ የተቆረጠ ነው ወይስ ክብ ተደርጎ የዞረ? ስል ጥግ ስንጥቅ ይጠራል። ክብ ጥግ ጭነቱን ያከፋፍላል። ቢላዋ የምታሠሩ ከሆነ «ጥጉን ክብ አርጉልኝ» በሉ። ምንም ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም።

4. ሴንጢውን ክፈቱ፣ አንቀሳቅሱ፣ አዳምጡ

አሁን ወደ ሴንጢው እንምጣ። ጓንቱን አድርጉ። ሙሉ በሙሉ ክፈቱት። ሲከፈት ቀጭ የሚል አንድ ጥርት ያለ ድምፅ መስማት አለባችሁ። ድምፁ የታፈነ ወይም ሁለት ጊዜ የሚመጣ ከሆነ መቆለፊያው በደንብ አልተቀመጠም።

እጀታውን በአንድ እጅ አጥብቃችሁ ያዙ። በሌላው እጅ ብረቱን ከጀርባው በኩል ቆንጥጣችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቁት። ከተወዛወዘ ፒኑ ልል ነው። ፒኑ ብሎን ከሆነ ማጥበቅ ትችላላችሁ። ከጠበቀ በኋላ ንቅናቄው ከጠፋ ችግር የለም። ፒኑ በመዶሻ የተደፈጠጠ ከሆነ ግን ማስተካከል ከባድ ነው፤ ሌላ ምረጡ።

ቀጥሎ ብረቱን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ማለትም በመክፈቻና በመዝጊያው አቅጣጫ ነቅንቁት። ይህኛው ንቅናቄ ብሎን በማጥበቅ አይጠፋም። መቆለፊያው ተበልቷል ወይም ከመጀመሪያውም አልገጠመም ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለ ሴንጢ በነጻ ቢሰጠኝ ገመድ ከመቁረጥ በላይ አላሠራውም።

የመቆለፊያውን ዓይነት ማወቅም ያስፈልጋል።

ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት እጀታው ውስጥ ያለች ቀጭን ሳህን ወደ ጎን ተወርውራ ከብረቱ ሥር የምትቆምበት ነው። ከፍታችሁ በመዝጊያው ክፍተት ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ሳህኗ ከብረቱ ሥር ስፋት ሩቡን እስከ ግማሹን መሸፈን አለባት። ጠርዙን ብቻ ነክታ የቆመች ከሆነ በትንሽ ግፊት ትንሸራተታለች። እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ሄዳ ከተለጠፈች ደግሞ አልቃለች። ሳህኗ ወፍራም ሆና የእጀታው አካል የሆነችበት ዓይነትም አለ። ያኛው ስትጨብጡት እጃችሁ ራሱ መቆለፊያውን ስለሚደግፈው የተሻለ ነው።

የጀርባ መቆለፊያ የሚባለው እጀታው ጀርባ ላይ የሚጫን ጥርስ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካኑ ባክ 110 ይህን ዓይነት በዓለም አስተዋውቋል። ጠንካራ ነው። ጥርሱ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ግን ቆሻሻ ከገባ አይቆልፍም። ሲከፈት ጥርሱ ከእጀታው ጀርባ ጋር እኩል መሆኑን በጣታችሁ ዳስሱ። ከፍ ብሎ ከቀረ አልቆለፈም።

የቀለበቱ ደግሞ የፈረንሳዩ ኦፒኔል ነው። ሴንጢው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው፤ የሚዞረው ቀለበት የተጨመረው በ1955። ከፍታችሁ ቀለበቱን በእጃችሁ ታዞራላችሁ፤ ቀለበቱ ብረቱ የሚመለስበትን ክፍተት ይዘጋዋል። ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ ካላዞራችሁት ግን መቆለፊያ የለውም ማለት ነው። እጀታው እንጨት ስለሆነ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ያን ጊዜ ለመክፈት ያስቸግራል።

አሁን የግፊት ሙከራው። ይህ የሚሠራው መቆለፊያ ላላቸው ብቻ ነው። እጀታውን በጓንት ያዙ፤ ግን እንደ ወትሮው አትጨብጡት። ብረቱ ሲዘጋ በሚመጣበት መንገድ ላይ አንድም ጣት እንዳይኖር፣ ከሁለት ጎኑ ብቻ ያዙት። ጀርባውን ጣውላ ላይ አስደግፋችሁ ቀስ በቀስ ጨምራችሁ ተጫኑ። ቀስ በቀስ። ደህና መቆለፊያ ጸጥ ብሎ ይቆማል። ሳህኗ ስትንቀሳቀስ ካያችሁ፣ ወይም ጭር የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ አቁሙ፤ መልሱን አግኝታችኋል። አንዳንዱ ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ በኃይል እየመታ ይሞክራል። አልመክርም። ደህናውን መቆለፊያ ያበላሻል፣ ደካማውን ደግሞ እጅ ላይ ይዘጋል።

5. ብረቱ ራሱ እንዴት ነው?

እስካሁን ስለ አሠራሩ ነው የተነጋገርነው። ብረቱ ካልረባ ግን ሁሉም ከንቱ ነው። «ስቴንለስ» ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ጠንካራ አይደለም። ጽሑፉ ስለ ዝገት እንጂ ስለ ጥንካሬ አይናገርም።

አዲሱን ሞረድ አምጡ። እጀታው አጠገብ ባለው የስለቱ ጥግ ላይ፣ ብዙ በማትጠቀሙበት ቦታ፣ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ጀርባው ላይ አትሞክሩ። ብዙ ጥሩ ካራዎች ስለታቸው ጠንክሮ ጀርባቸው ለስለስ ተደርጎ ስለሚሠራ ጀርባው ያሳስታችኋል። ሞረዱ እንደ ሚስማር ጥርግ አድርጎ ከነከሰው ብረቱ ልል ነው። ቶሎ ይደንዛል፤ ስለቱ ይተኛል። በጭንቅ ትንሽ ብቻ ከነከሰ ደህና ነው። መስታወት ላይ እንደተገፋ ጨርሶ ከተንሸራተተ በጣም ጠንክሯል፤ እንዲህ ያለው ስለት በጥቂቱ ሊሸረፍ ይችላል። ሮክዌል በሚባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ ደህና ቢላዎች አብዛኞቹ ከ54 እስከ 60 ባለው ውስጥ ይገኛሉ፤ ሞረድ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ሙከራው የሚሠራው በዚህ ልዩነት ነው።

አገር ቤት የሚቀጠቀጠው ካራ ብዙ ጊዜ ከመኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ለቢላዋ ግሩም ብረት ነው። ተጣምሞ መመለስ ተፈጥሮው ነው። ግን ባሌስትራ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ቀጥቃጩ በወናፍ አግሎ ቅርጽ ካስያዘው በኋላ፣ ማግኔት የማይስበው እስኪሆን አግሎ ዘይት ውስጥ መንከር አለበት። ያን ጊዜ ይጠነክራል፤ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና ወደ 200 ዲግሪ አካባቢ ተሞቅቶ ግትርነቱ መቀነስ አለበት። ይህን ሁለተኛውን ማሞቅ የዘለለ ካራ መጀመሪያ ቀን ይቆርጣል፣ መጀመሪያ ጊዜ ሲወድቅ ይሰበራል። «ከነከሩት በኋላ መልሰው ያሞቁታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጥያቄው ደስ ይለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ይህ ዕውቀት ጎንደር ውስጥ የቆየ ነው። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ወለቃን ሁላችንም እናውቃታለን። እዚያና በአካባቢው የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ለዘመናት ማረሻውንም፣ ማጭዱንም፣ ካራውንም ለዚህ አገር ገበሬ ሲቀጠቅጡ ኖረዋል። ሰው በሠሩለት ማረሻ እያረሰ ቀጥቃጭ ብሎ ሲንቃቸው ኖረ። ዛሬ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ጥሩ ካራ ከቀጥቃጭ ስትገዙ ሰውየውን በክብር አነጋግሩት፤ ዋጋ ስትከራከሩም ድካሙን አስቡ።

ስለቱን ለመፈተሽ ሌላ ቀላል መንገድ አለ። ቀጭን የናስ ዘንግ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙ። ስለቱን በትንሽ ማዘንበል ዘንጉ ላይ አስቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑና ጎትቱ። በብርሃን ስታዩት ስለቱ ትንሽ ተጎንብሶ ወዲያው ይመለሳል። ሳይመለስ ከቀረ ልል ነው፤ ከተሸረፈ ግትር ነው። ይህ ለሴንጢም ለቢላዋም እኩል ይሠራል። እዚህ ላይ አንዳንድ ሴንጢዎች ቢላዋውን ይበልጡታል፤ ይህን አምናችሁ ተቀበሉ።

6. እንጨት ላይ ሞክሯቸው

ከሳጥን ጣውላ ጀምሩ። ጫፉን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ውጉና በቀስታ ትንሽ ጠምዝዙ። ሁለቱም ይህን መቻል አለባቸው። ጫፉን አውጥታችሁ በባትሪ እዩት። ሴንጢ ከሆነ መልሳችሁ ግራ ቀኝ ነቅንቁት። ከሙከራው በፊት ያልነበረ ንቅናቄ ከመጣ ፒኑ አቅሙን ነግሯችኋል።

ቀጥሎ ባሕር ዛፉን ለረጅም ጊዜ ጥረቡ። ጥረባ እጀታውን ይፈትናል። መዳፋችሁ የሚያብጥበት፣ የሚቆነጥጥበት ቦታ የቱ ጋ ነው? ጥንካሬ እጅ ላይም ነው። ጠንክራችሁ ልትይዙት የማትችሉትን ዕቃ ጠንክራችሁ ልትጠቀሙበት አትችሉም። ቀጭን የሴንጢ እጀታ እዚህ ላይ ይሸነፋል።

የመጨረሻው ሙከራ ለቢላዋው ብቻ ነው። ከክንድ የቀጠነ፣ ጉጥ የሌለው እንጨት አቁሙ። ስለቱን አናቱ ላይ አስቀምጡና ጀርባውን በሌላ እንጨት ምቱት። የቢላዋው ጫፍ ከእንጨቱ ወጥቶ መታየት አለበት፤ የምትመቱት የዚያን የወጣውን ክፍል ጀርባ ነው። በብረት መዶሻ አትምቱ። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ቢላዋውን ወደ ጎን አትጠምዝዙ፤ ምቱ ራሱ ይፍለጠው። ከጨረሳችሁ በኋላ እጀታውን ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅንቁት። የሚንቀጫቀጭ ነገር ካለ ጅራቱ ላልቷል። ይህን በሴንጢ በፍጹም አትሞክሩ፤ በዓለም ላይ የታወቀ ስም ያለው ሴንጢ እንኳ ለዚህ አልተሠራም። እያንዳንዱ ምት ፒኑንና ማቆሚያውን ይቀጠቅጣል።

አሜሪካ ውስጥ የቢላዋ ቀጥቃጮች ማኅበር የሚሰጠው ፈተና አለ። አንድ ቢላዋ በነጻ የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል፣ ሁለት የግንባታ እንጨት ይቆርጣል፣ ከዚያ በኋላ ፀጉር መላጨት ይጠበቅበታል። መጨረሻ ላይ ሞርሳ ውስጥ ታስሮ 90 ዲግሪ ይጣመማል፤ መሰበር የለበትም። ቢላዋው ለፈተናው ብቻ ተሠርቶ ለፈተናው ይጠፋል። ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ከፈለጋችሁ ጫፉን ጣውላ ላይ አስደግፋችሁ ጥቂት ብቻ አጉብጡትና ወደ ቀጥታው መመለሱን እዩ፤ ይበቃል። ወፍራም ከሆነ ጨርሶ አይጎብጥም፤ አታስገድዱት።

7. ስብና ደም

ሰው ጥንካሬ ሲያወዳድር ይህን ይረሳዋል። ሴንጢ አዲስ ሆኖ ሱቅ ውስጥ ሲቆልፍ አንድ ነገር ነው። በግ ገፎ፣ ስብ መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ፣ ደም ደርቆበት ሲቆልፍ ሌላ ነው። በመቆለፊያው ሳህንና በብረቱ ሥር መካከል የገባ የረጋ ስብ መቆለፊያውን ያንሸራትታል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ መሽተት ይጀምራል። ቢላዋ ግን በሙቅ ውሃና በሳሙና በደቂቃ ይጸዳል።

ስለዚህ ለዕርድና ለሥጋ የኔ ፍርድ አያወላውልም፤ የማይታጠፍ ቢላዋ ነው። ለመግፈፍ 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ርዝመት፣ ክብ ያለ ጫፍ ይሻላል። ሹል ጫፍ ቆዳውን ይበሳል፤ የተበሳ ቆዳ ደግሞ ዋጋው ይወድቃል። ቅርጫ የምትካፈሉ ከሆነ ሰፋ ያለ ካራ ጨምሩ።

ለስሜን ጉዞስ? ከ3,500 ሜትር በላይ ግጭ ወይም ጨነቅ ላይ ማታ ሲበርድ ጣት አይታዘዝም። በደነዘዘ ጣት ሴንጢ መክፈት አደጋ አለው። ለድንኳን ገመድ፣ ለምግብ፣ ለእንጨት መጥረብ አንድ 3 ሚሊ ሜትር የወፈረ፣ ጅራቱ እስከ መጨረሻ የሚሄድ ቢላዋ ይበቃል። ፓርኩ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ክልክል መሆኑን አትርሱ፤ ትልቅ መቁረጫ መሸከም ትርፍ የለውም።

ሴንጢ ቦታው ኪስ ነው። ፌስታል ለመክፈት፣ ማዳበሪያ ለመፍታት፣ ብርቱካን ለመላጥ፣ ሽቦ ለመላጥ። እነዚህን ሲሠራ እንደ ቢላዋ ይጠነክራል፤ ከቢላዋም ይመቻል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት የምትችሉና ቤታችሁ ውስጥ በዓል የሚከበር ከሆነ ግን ቢላዋውን ግዙ።

በየትኛውም ብትወስኑ ሕዝብ በሚበዛበት ቦታ ይዛችሁ አትሂዱ። ጥምቀት ላይ ወደ ፋሲል መዋኛ ስትወርዱ ቤት ይቀመጥ። በአውሮፕላን የምትጓዙም ከሆነ በእጅ ሻንጣ ሁለቱም አይፈቀዱም።

አያያዝን በተመለከተ ለሴንጢው በየጊዜው መታጠፊያውን በጥርስ ብሩሽና በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ ከፍታችሁ አድርቁት፣ ፒኑ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጉ። መቆለፊያው ሳህን ላይ ግን ዘይት አታብዙ፤ ያንሸራትተዋል። ባሌስትራው ካራ ሥጋና ሽንኩርት ሲነካው ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ አይጎዳውም፣ ቀዩን ዝገት ግን ወዲያው አስለቅቁት። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ደግሞ ካራውን ከቆዳ ሰገባው አውጥታችሁ ዘይት ቀብታችሁ ለብቻው አስቀምጡ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ሰገባ ውስጥ የከረመ ብረት ጅራቱ አጠገብ ነው መዛግ የሚጀምረው።